ገጹ አልከፈት ያለበት ሰሞን

መስከረም 18 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዛሬ ኢንተርኔት ቢሯችን ገባ። የመስቀል ማግስት ስለሆነ ግማሹ ሠራተኛ ገና ከየአገሩ አልተመለሰም፤ ያየነው አራት ሰዎች ነን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ይሄይስ፣ የግዥ ሠራተኛው ደርቤ፣ መስመሩን የዘረጋችው መቅዲ፣ አራተኛው እኔ።

መቅዲ ከተቀጠረች አንድ ወር አልሞላትም። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ደጀን ተወልዳ ባሕር ዳር ተምራለች። እስከ ኅዳር መጨረሻ በሙከራ ላይ ናት፤ ከዚያ በኋላ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። የቅርብ አለቃዋ እኔ ነኝ። የዘር ድንች አምራቾች ኅብረት ትንሽ ቢሮ ነው፤ መዝገብ ቤቱም ጥበቃውም በእኔ ሥር ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩም ሲመጣ ከእነሱ ጋር ተደመረ።

ሰማያዊውን ኬብል ኢንተርኔቱ ከሚገባበት ሳጥን ወደ አራቱ ኮምፒውተሮች በግድግዳው ጥግ እየመታች አደረሰችው። ምስማር ሳቀብላት፣ መሰላል ስይዝላት ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ «ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ እዚህ ይጫኑ» አለችኝ። ተጫንኩ። ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ የታተመ ጋዜጣ የፊት ገጽ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ። ያ ጋዜጣ ማርቆስ የሚደርሰን በሦስተኛው ቀን ነው፤ አውቶቡሱ ቢበላሽ ደግሞ በአምስተኛው። አሁን የዓባይን በረሃ ሳይወርድ ሳይወጣ መጣ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዲህ የተደሰትኩት መቼ እንደ ነበር አላስታውስም።

መስከረም 21፣ ዓርብ

የመጀመሪያውን ሪፖርት ላክን። ድጋፍ የሚሰጠን ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ገጽ ከፍቶልናል። የይለፍ ቃል አለው። ከቁይ ስንት ኩንታል ዘር ተሰበሰበ፣ ከጉንደ ወይን ስንት፣ በየዓርቡ እዚያ ላይ ይሞላል። እስከ ዓርብ ማታ ያልተሞላ እንዳልተላከ ይቆጠራል። መቅዲ ሞላች፤ እኔ ቁጥሩን ከመዝገብ እያነበብኩ ሰጠኋት። «ሪፖርትዎ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ወዲያው መጣ። ይሄይስ «ከእንግዲህ ወረቀት በአውቶቡስ ስንልክ አንኖርም» አለ።

መስከረም 26፣ ረቡዕ

ውርደት።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ መሥሪያ ቤት የጻፍነው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ። ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ያስገባው፤ ዓመቱን 2010 ብሎታል። እኔ ደግሞ ሳላይ ቁጥር ሰጥቼ ማኅተም መትቼበታለሁ። የዚያ ቤት መዝገብ ሠራተኛ በቀይ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ «ዘመኑ ሲደርስ ይቅረብ» ብሎ ጽፎበታል።

ደርቤ ደብዳቤውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። «ጋሽ ፍቅረ፣ ለልጅ ልጆቻችን ነው እንዴ የጻፉልን?» ይሄይስም ሳቀ። መቅዲ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

እኔ በልጅነቴ ዲማ ባሕረ ሐሳብ ተምሬአለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ በጣቴ እቆጥራለሁ። የጾምና የበዓል መግቢያ ሲጠፋቸው የሰፈሩ ሰዎች የሚጠይቁት እኔን ነው። ሰባት ዓመት ስቼ ደብዳቤ አወጣሁ።

መስከረም 27፣ ሐሙስ

ማንም ሳይገባ ማለዳ ቢሮ ደረስኩ። የኮምፒውተሩን ቀን መቀየሪያ ትናንት ማታ አብሮት ከመጣው መመሪያ ላይ አጥንቼው ነበር። በአራቱም ላይ ዓመቱን 2003፣ ወሩን 1፣ ቀኑን 27 አደረግሁ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩ። ሙከራ አንድ ደብዳቤ አተምኩ፤ ትክክለኛ ቀኑን ይዞ ወጣ። ፈረንጅ የሠራውን ዕቃ ዘመን አስቆጠርኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። ማኅተም ስመታስ ለማን ነው የምናገረው?

መስከረም 28፣ ዓርብ

ገጹ እምቢ አለ። ቸኩያለሁ። ጋዜጣው ይከፈታል፤ የአየር ሁኔታው ይከፈታል፤ የሪፖርቱ ገጽ አይከፈትም። በአራቱም ኮምፒውተር ሞከርን። መቅዲ ሳጥኑን አጠፋች፣ አበራች። እምቢ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ማታ። ሪፖርቱ አልገባም። ይሄይስ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። መቅዲ «ነገ ጠዋት መጥቼ ኬብሉን አንድ በአንድ አየዋለሁ» አለች። እኔም እመጣለሁ አልኳት። ቅዳሜ ሥራ የለም፤ ግን ቤት ብቀመጥም ሐሳቤ እዚያው ነው።

ጥቅምት 1፣ ሰኞ

ኮምፒውተሩ ዛሬ «31» ብሎ ቆየኝ። ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን አለ እንዴ? ማለዳ ገብቼ አራቱንም 2/1/2003 አደረግኋቸው። በየወሩ መባቻ ይህን ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። ግድ የለም።

ጥቅምት 5፣ ዓርብ

ዛሬም እምቢ።

አንድ ነገር ግን ታየ። መቅዲ የራሷን ላፕቶፕ ከቤቷ አምጥታ ከዚያው ሳጥን፣ በዚያው ኬብል አገናኘችው። ገጹ ተከፈተ። ሪፖርቱን በዚያ ሞላን። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁት።

ከጀርባዬ ደርቤ «የእኛ ቤት ጾም፣ የእሷ ቤት ፍስክ» አለ። መቅዲ ሰምታዋለች።

እስከ አሁን የደርቤ አባባል ከጆሮዬ አልወጣልኝም። በአንድ ቤት፣ በአንድ መስመር፣ የቢሮው አራት ዕቃ ታሞ የእሷ አንዱ ብቻ እንዴት ጤነኛ ሆነ?

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ላፕቶፕዋን ማምጣት አቆመች። ይሄይስ «የግል ዕቃ ለቢሮ ሥራ አይሁን» ብሏታል። ይህን ሐሳብ ማን እንደ ሰጠው አላውቅም። ምናልባት ከደርቤ ጋር ሲያወራ ሰምቶ ይሆናል። ምናልባት እኔም አንድ ነገር ተናግሬ ይሆናል።

ቁጥሩን በፍላሽ ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። እዚያ ባንዴ ተከፈተ። ስለዚህ ገጹ ጤነኛ ነው። የመስመር ሠራተኞችም ረቡዕ መጥተው ለክተው «እስከ ሳጥናችሁ ድረስ ምንም የለውም» ብለዋል። መስመሩም ጤነኛ ነው። ጉድለቱ ከሳጥኑ ወዲህ ነው፤ ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ሁሉ ደግሞ የመቅዲ እጅ ሥራ ነው።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ያለ ሌላ ሥራ ከመቅዲ ጋር ዋልኩ። መቼም አይሰለቸኝም። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ጥሪ መላክ አሳየችኝ፤ አራት ጊዜ ይጠራል፣ አራት ጊዜ «አቤት» ይላል። የአቤታው ፍጥነት በሺህኛ ሰከንድ ይቆጠራል። አዲስ አበባን ጠራን፤ አቤት አለ። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ቦታ ጠራን፤ እሱም አቤት አለ። የጥበቃው አባ ውበቱ በር ላይ ቆመው «የሚያቃጭል ነገር የለ፣ የሚያወራ ሰው የለ፣ በምን አወቃችሁ?» አሉን። ሳቅን።

«እንዲህ ሁሉ ቦታ ከደረሰ፣ ያ አንድ ገጽ ምን ሆነ?» አልኳት።

«እሱን ነው ሌሊት ሌሊት የማስበው» አለች። «ሲከፈት ገጹ የማንነቱን ምስክር ወረቀት ያሳያል፤ ኮምፒውተራችን ደግሞ ወረቀቱን አልቀበልም ይላል። ጋዜጣው ወረቀት ስለማይጠየቅ ዝም ብሎ ይገባል። ቫይረስ መሰለኝ፤ ግን አጽድቼዋለሁ። ወይ ደግሞ…» ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ጥግ ጎንበስ አለች። «ቀኑ ልክ ነው?»

ሁለታችንም አየነው። 2/18/2003። ዛሬ ጥቅምት 18 ነው።

«ልክ ነው» አልኩ።

«ልክ ነው» አለች፤ ወደ ኬብሉ ተመለሰች።

የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ በዚህ ደብተር ጀርባ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ እፈታዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስለ ቀን የሚናገር አንድ መስመር አለ፤ እሱን ተውኩት። ቀን የእኔ ሙያ ነው።

ጥቅምት 29፣ ሰኞ

ኮምፒውተሩ 2/29 አልቀበልም አለኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። የሁለተኛውን ወር ሃያ ስምንት ላይ ቆርጦ ሦስት ብሎ ጀምሯል። ጥቅምት ሁለት ቀን ተሰረቀበት። ለዛሬና ለነገ ቀን በእጅ እጽፋለሁ፤ ረቡዕ ኅዳር አንድ ሲሆን አስተካክለዋለሁ።

ኅዳር 3፣ ዓርብ

ስድስተኛው ዓርብ። ፍላሽ፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ሰልፍ። ወረፋ ስጠብቅ ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች «እኚህ ሰውዬ በየሳምንቱ ለማን ነው የሚጽፉት?» ሲባባሉ ሰማሁ።

መቅዲ ኬብሉን በሙሉ በአዲስ ቀየረች። ጣቷን ቆርጧታል፤ በጨርቅ አስራ ትሠራለች። ምንም ለውጥ የለም።

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ይሄይስ አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ፍቅረ፣ የልጅቷ ሙከራ ሊያልቅ ነው። ቋሚ ላድርጋት ወይስ ላሰናብታት? የቅርብ አለቃዋ እርስዎ ነዎት። እርስዎ የጻፉትን ነው እኔ የምፈርመው።»

«ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩ።

«ጎበዝ ከሆነች ገጹ ለምን አይከፈትም?»

ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ እየሄድኩ መልስ ፈለግሁ፤ የለም።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

ጻፍኩ። ቁጥር ሰጠሁት። «የመስመር ዝርጋታው ከአንድ ወር በላይ ጉድለት ያሳየ በመሆኑ፣ ሠራተኛዋም ጉድለቱን ለይታ ማስተካከል ባለመቻሏ፣ በቋሚነት ለመቅጠር በእኔ በኩል ድጋፍ ለመስጠት እቸገራለሁ።» ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሐሰት የለበትም።

ባለቤቴን አይናዲስን አነበብኩላት። የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ። «ከመስከረም ጀምሮ ስለዚች ልጅ ስታወራ ፊትህ ይበራል» አለች። «ይኼን ግን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።»

«የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው» አልኳት።

«እሱንማ አወቅሁት» ብላ መኪናዋን ረገጠች።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

ግልባጩን ሰጠኋት። ደንቡ ነው፤ ፈርማ መውሰድ አለባት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ። አሳየኋት። ፈረመች። ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ውስጥ ገብታ እስክንወጣ ድረስ አልወረደችም።

ኅዳር 17፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። እጄ ይቸኩላል።

ዛሬ በከተማው መብራት ስለጠፋ ኢንተርኔት ቤቱ ዝግ ነው። የእኛ ሳጥን ከጄነሬተር ላይ ስላለ ይሠራል። ሪፖርቱ ደግሞ ዓርብን አያልፍም። ይሄይስን አስፈቅጄ መቅዲን ላፕቶፕዋን ለመንኳት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከጻፍኩባት በኋላ ለመንኳት፤ አመጣችልኝ። ገጹን ከፈተችልኝ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባች፣ «ምሳ በልቼ ልምጣ፤ ቁጥሩን እርስዎ ይሙሉት» ብላ ወጣች። ከመስከረም ጀምሮ ቢሯችን ውስጥ ብቻዬን ገጹ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከቁይ ያለውን ሞላሁ። ከጉንደ ወይን ያለውን ሞላሁ።

ከላፕቶፑ ጥግ ላይ ቀኑን አየሁት። የፈረንጅ ቀን ነው፤ 2010 ይላል። የእሷ ተረስቶ ኖሯል። ውለታ ልዋልላት ብዬ ቀኑንም ሰዓቱንም አስተካከልኩላት። 3/17/2003፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ። ከዚያ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ።

የቢሮው ኮምፒውተሮች እምቢ ሲሉ የሚመጣው ነጭ ገጽ ከነቀይ ምልክቱ መጣ።

ተቀምጬ አየሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ እውነቱን ልጻፍ፤ ደስታ ነው። ሰባት ሳምንት የፈለግነው ነገር ጣቴ ሥር ነበር። ዓመቱን 2010 አደረግሁ፣ የፈረንጁን ቀን በባሕረ ሐሳቤ ቆጥሬ አስገባሁ፤ ተከፈተ። ወደ እኛው መለስኩ፤ ተዘጋ። አራት ጊዜ። የገጹ ምስክር ወረቀት የተጻፈበት ዘመን አለው፤ የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ገና 2003 ላይ ናቸው። ወረቀቱ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ መስሏቸው ነው የሚመልሱት። ማስጠንቀቂያውም ይህንኑ ይናገር ነበር፤ ያልገለበጥኩት መስመር ላይ።

መቅዲ ጥቅምት ላይ ዓይታዋለች። እኔም ዓይቼዋለሁ። ሁለታችንም የዛሬን ቀን አየን፤ ልክ ነው አልን።

እርምጃዋን በኮሪደሩ ስሰማ ቀኑን ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ሪፖርቱን ላክሁ። «ሄደልዎ?» አለችኝ። «ሄደ» አልኳት። ላፕቶፕዋን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ያኔ ነው ደብዳቤው ትዝ ያለኝ።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

አባ ውበቱ ከፈቱልኝ። አራቱንም ወደ ፈረንጁ መለስኳቸው። በአራቱም ገጹን ከፈትኩት። ባዶ ቢሮ ውስጥ ከወንበር ወንበር እየሮጥኩ ከፈትኩት። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሄይስ ከቢሮው ወጥቶ «ተከፈተ» አለ። ሁሉም ተሰበሰበ። ደስታው ሌላ ነው፤ ደርቤ እንኳ ሻይ አስመጣ። ልናገር አፌን ስከፍት ደርቤ ቀደመኝ።

«አያችሁ? ደብዳቤው ነው የሠራው። ሰው እንጀራው ሲነካበት ያልቻለውን ይችላል።»

«ልክ ነው» አለ ይሄይስ። «ቀድሞም ትችል ነበር ማለት ነው። ይኼ የባሰ ነው።»

መቅዲ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «እኔ ምንም አልነካሁም» አለች። ማንም አላመናት። ወደ እኔ ዞራ «ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ፣ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ስለ ምን?» አልኩ።

«እንጃ። እንዲያው።»

ሻዩን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ

ጽዮን ማርያም ስለሆነች ቢሮ ዝግ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ነገ ለይሄይስ ብቻውን እነግረዋለሁ አልኩ።

ኅዳር 22

ይሄይስ ለመስክ ጉንደ ወይን ወጥቷል።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ሪፖርቱ በአምስት ደቂቃ ገባ። ይሄይስም ከመስክ ተመልሷል። ስብሰባ በዝቶበታል። የእኔን ነገር ደግሞ በችኮላ ሊናገሩት አይቻልም፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ደግሞ ማንም አልተጎዳም፤ ገጹ ይሠራል።

ይህን አረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። እንዲቀመጥ ተውኩት።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ነገ ግምገማ ነው። ከግምገማው በኋላ ይሄይስ በመቅዲ ጉዳይ ላይ ይፈርማል። የስንብት ደብዳቤዋን እንዳዘጋጅ ዛሬ አዘዘኝ። አዘጋጀሁ፤ ቁጥር አልሰጠሁትም።

አይናዲስ እራት ላይ «ምን ሆንክ? ሁለት ሳምንት ነው እህል የማትበላው። ጾም ገባ እንጂ አትብላ አልተባለም» አለች። ነገርኳት። ሁሉንም።

«እና ነገ ምን ትላለህ?»

«አላውቅም።»

«አንተ የዓመቱን በዓላት ሁሉ ታውቃለህ» አለች። «ነገን ግን አታውቅም።»

ኅዳር 29፣ ረቡዕ

ግምገማው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀመረ። ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ደርቤ «ቶሎ እቆጣለሁ፤ አሻሽላለሁ» አለ፤ አምናም ካቻምናም ያለው ይኸንኑ ነው። አባ ውበቱ «አንዳንዴ እንቅልፍ ያሸንፈኛል» አሉ። የእኔ ግለ ሂስ «የፋይል አደራደር ላይ ክፍተት አለብኝ» የምትል ናት፤ ስድስት ዓመት ተጠቅሜባታለሁ። ተነሥቼ «የፋይል…» ስል የይሄይስ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አየሁት።

«ይቅርታ፣ የሪፖርቱን ገጽ ይክፈቱልኝ» አልኩት።

ግራ ገብቶት ከፈተው።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ኅዳር ሃያ ዘጠኝ» አሉ ሁሉም።

ሄጄ ጻፍኩት። 3/29/2003። «አሁን ይክፈቱት።»

ነጩ ገጽ። መለስኩት፤ ተከፈተ። ደርቤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። «እስቲ ይድገሙት።» ደገምኩት። «እስቲ እኔ ልሞክረው።» ሞከረው። ሦስተኛ ጊዜ ሲዘጋ በገዛ እጁ ስለሆነ አመነ።

«መስከረም 27 ቀን አራቱንም እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «በየወሩ መባቻም እየመጣሁ ያደስኩት እኔ ነኝ። የመቅዲ መስመር አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም።»

«ለምን ይሆን?» አለ ይሄይስ።

«በ2010 የተጻፈው ደብዳቤ ስለተመለሰብኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለኝ ይሄይስ።

«በዚህ ሰሞን» አልኩ።

መቅዲ እያየችኝ ነበር። ዓይኗን ወደ ማስታወሻዋ መለሰች። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። «እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች። «ጥቅምት ላይ ቀኑ ልክ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ራሴ ዓይቼ ልክ ነው ብያለሁ። አምስት ዓመት ተምሬበት እንዲህ ማለት አልነበረብኝም።» ያኔ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ፈገግ አለች። ይሄይስ ወደ እኔ ዞሮ «ያዘጋጁት ደብዳቤ የት አለ?» አለኝ። ሰጠሁት። ለሁለት ቀደደው። «የኅዳር ዘጠኙስ?»

«እሱ ቁጥር ስላለው ከፋይል አይወጣም» አልኩ። «መሻሪያ እጽፍበታለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስሜን ጠርቼ።»

«ይጻፉ። የቅጥሯንም አብረው ያምጡልኝ።»

ከሰዓት በኋላ መቅዲ ግልባጮቹን ልትወስድ መጣች። ሁለቱንም አነበበች፤ ፈረመች። አልወጣችም።

«ይህ ሰሞን ያሉት አሥራ ሁለት ቀን ነው» አለች።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ያዋስኩዎት ዓርብ ማታ ላፕቶፔን ስከፍት ቀኑ ልክ ነው፤ ሰዓቱ ግን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ በሐበሻ ሰዓት ሞልቼው አላውቅም። ከእርስዎ በቀር ደግሞ ማንም አልነካውም። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፤ ሁሉንም አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ያምነኛል? ራሷን ለማዳን ሽማግሌ ላይ አሳበበች ትሉኝ ነበር። ደግሞም ይነግሩኝ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። ሰኞ ጠየቅሁዎት፤ ሻይዎን ጠጡ።»

«ባልናገርስ ኖሮ?»

«ደጀን የአባቴ ሻይ ቤት አለ። የጭነት መኪና ሾፌር አያልቅበትም።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አደርጋለሁም አላደርግምም አላለችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ማክሰኞ ቁይ ቅርንጫፍ መስመር እዘረጋለሁ። መሰላል የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ።»

«ኮምፒውተር ግን አይነኩም።»

«አልነካም።»

አሥራ ሁለቱን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ ፈራሁ እል ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እዚህ ደብተር ላይ ግን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ገጹ ሲከፈት ሁሉም ደስ ብሎት ሻይ ሲጠጣ፣ ያንን ደስታ ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን አውቅ ነበር። ጣፈጠኝ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ጣፈጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ እንገናኛለን። ቁይ የሚሠራው መስመር ሦስት ክፍል ያዳርሳል፤ አንደኛው ክፍል በግቢው ማዶ ስለሆነ ኬብሉ በአየር ላይ ነው የሚሻገረው አለችኝ። እንዴት እንደሚሻገር እስካሁን አልገባኝም፤ ከራቴ በኋላ በዚህ ገጽ ጀርባ ሁለት ጊዜ ሥዬዋለሁ። አይናዲስ የካፖርቴን ኪስ እያሰፋችልኝ ነው። ለኬብሉ የያዝኩት ፒንሳ አልገባ ብሎኝ ነበር።